የሰንጢ ታሪክና የጎረቤት ነገር



የእድሩ ኮሚቴ «አንተ መዝገብ ቤት የሠራህ ሰው ነህ፤ ለዓመቱ መጽሔት አንድ ነገር ጻፍልን» ቢለኝ ብዙ አሰብኩ። ትምህርቴ ከ6ኛ ክፍል አላለፈም። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የሚጽፉ ምሁራን ሞልተዋል። እኔ ግን 31 ዓመት ሙሉ ወረቀት ስመዘግብና የጠፋ ፋይል ስፈልግ የኖርኩ በመሆኔ፣ ስለሚጠፋ ዕቃ ብጽፍ ይሻላል ብዬ ተነሣሁ። ዕቃውም በኪስ የምትያዘው ሰንጢ ናት። «እሷ ደግሞ ምን ታሪክ አላት?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አላት፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በአባቶቻችን ጊዜ ሰንጢ በኪሱ የማይዝ ወንድ ጥቂት ነበር። ብርቱካን ይላጥባታል፣ ሸንኮራ ይቆረጥባታል፣ መፋቂያ ይስተካከልባታል፣ እሾህ ይወጣባታል፣ ለተማሪ ልጅ እርሳስ ይቀረጽባታል። ከመርካቶ ወይም ከሱቅ በደረቴ ትገዛ ነበር። ታዲያ እንደ እሷ የሚያገለግል ዕቃ እንደሌለ ሁሉ፣ እንደ እሷ የሚጠፋም የለም። ትንሽ ናት፤ ሰው ሲቀመጥ ከኪሱ ትሾልካለች። «እስቲ አንዴ አውሰኝ» ብሎ የወሰዳትም ሰው ሳያስበው ኪሱ ከቷት ይሄዳል።

የምትታጠፍ ቢላዋ ዛሬ የመጣች አይደለችም። በአውሮፓ፣ ኦስትሪያ ውስጥ ሃልሽታት ከሚባለው ቦታ የተገኘችው የአጥንት እጀታ ያላት ሰንጢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራች ናት። ሮማውያንም የምትታጠፍ ቢላዋ ነበራቸው፤ ከነሱ የቀሩትም ከመሬት እየተቆፈሩ ወጥተው በየሙዚየሙ ተቀምጠዋል። ስለዚህ አንዱ ጥሎት የሄደው ዕቃ ለሌላው ታሪክ ሆነ ማለት ነው።

እንደኔ ላለ ጸሐፊ ደስ የሚያሰኝ ሌላም ነገር አለ። እንግሊዞች ትንሿን ሰንጢ የሚጠሩበት ስም ትርጉሙ «የብዕር ቢላዋ» ማለት ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት ድሮ የሚጽፉት በወፍ ላባ ስለነበረና የላባው ጫፍ በደነዘ ቁጥር በዚችው ቢላዋ ይቀረጽ ስለነበረ ነው። በእኛም አገር የብራና ጸሐፊዎች የመቃ ብዕራቸውን በስለት ይቀርጻሉ፤ የተሳሳተውንም ፊደል ከብራናው ላይ ይፍቁበታል። እንግዲህ ሰንጢ የሥጋ ቤት ዘመድ ብቻ ሳትሆን የመዝገብ ቤትም ዘመድ ናት።

በኋላ ዘመን ሰንጢ በብዛት መሠራት ጀመረች። በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ፣ በጀርመን አገር ዞሊንገን የታወቁ የቢላዋ ከተሞች ሆኑ። በስዊስ ደግሞ ካርል ኤልስነር የሚባል ቢላዋ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1884 ኢባኽ በሚባል ስፍራ ሥራ ቤት ከፈተ። የስዊስ ጦር ለወታደሮቹ ቆርቆሮ የምትከፍትና የጠመንጃ ብሎን የምትፈታ ሰንጢ ሲፈልግ በአገሩ ያን ያህል የሚሠራ ባለመገኘቱ የመጀመሪያዎቹ ከዞሊንገን መጡ። እ.ኤ.አ. በ1891 ግን ኤልስነር ራሱ ማስረከብ ጀመረ። በፈረንሳይም የሳቮዋ ሰው ጆዜፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 የእንጨት እጀታ ያላትን የገበሬ ሰንጢ አወጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ሰዎች እንዳትጠፋባቸው ምን ያደርጉ ነበር? የመጀመሪያው ዘዴ ማሰር ነው። የመርከብ ሠራተኞች ሰንጢያቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ወይም ወገባቸው ላይ ያስሩ ነበር። ከምሰሶ ጫፍ ላይ የወደቀች ሰንጢ ባሕር ብትገባ ኪሣራ ነው፤ ከታች የቆመ ሰው ላይ ብትወርድ ደግሞ ነፍስ ታጠፋለች። ኦፒኔልም ከሠራቸው ሁሉ ትንሿን፣ ቁጥር 1 የተባለችውን፣ ከኪስ ሰዓት ሰንሰለት ጋር እንድትያያዝ ቀለበት አደረገላት።

ሁለተኛው ዘዴ ምልክት ማድረግ ነው። በሼፊልድ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1624 በሕግ የተቋቋመው የቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር የእያንዳንዱን ሠሪ ምልክት በመዝገብ ይይዝ ነበር። አንዱ የሌላውን ምልክት መምታት አይችልም። ይህ የሠሪው ምልክት ነው፤ የባለቤቱ ምልክት ደግሞ እጀታው ላይ በሚስማር የሚጫር ፊደል ነው። በመዝገብ ቤት እንደምናውቀው ቁጥር ያልተሰጠው ወረቀት ባለቤት የለውም። ዕቃም እንደዚያው ነው።

ምልክትና መዝገብ በሌለበት አገር ዕቃ ሲጠፋ ሰው ወደ ሰው ይዞራል። በእኛ አገር ድሮ ንብረት ሲጠፋ አፈርሳታ ይጠራ ነበር፤ አውጫጭኝም ይባላል። ያገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ሥራው ተፈትቶ፣ አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ ይቀመጣል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በአፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ሳይቀር ይሠራበት የነበረው ሌባ ሻይ ነው። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ልጁም ወገቡን ታስሮ እየተወላገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ ተዋርዶ ይሆን! ኋላ ላይ ይህ ልማድ ቀረ። ነገር ግን ሌባ ሻይ ከአደባባይ ቢቀርም ከሆዳችን አልወጣም። ይህን ለማለት ያበቃኝ በቤታችን የደረሰው ነገር ነው።

አባቴ የበሬ ቀንድ እጀታ ያላት ሰንጢ ነበረችው። በ1971 ዓ.ም. ክረምት በሰፈራችን ሰው ሞቶ ሌሊት በዝናብ ድንኳን ሲተከል፣ አባቴ በሰንጢው ገመድ ይቆርጥ ነበር። አጠገቡ ምሰሶውን ደግፎ የቆመው የቅርብ ጎረቤታችን ነው። ቤታቸውና ቤታችን ቡና የሚጠራራ፣ እሳት የሚጫጫር ነበር። ሲነጋ ሰንጢዋ የለችም። ኪስ ተፈተሸ፣ ጭቃው ተማሰ፣ የለችም።

አባቴ «አንተ ነህ የወሰድከው» አላለም። ብሎት ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ ሰውየውም ይምልና ነገሩ ያበቃ ነበር። አባቴ ግን ከሐዘንተኛው ፊት ተቀምጦ «መቼም ሰንጢ እግር የላት» አለ። ጎረቤታችን ሰማ። ቀና ብሎ አየውና ዝም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡናው ቀረ። ሰላምታው ከአንገት በላይ ሆነ፤ እኛም ልጆቹ እንደ አባቶቻችን ተኳረፍን።

በ1976 ዓ.ም. ጎረቤታችን ታሞ ሞተ። ጡሩምባው ሲነፋ አባቴ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። እውነቱን ለመናገር የወጣው የእድሩን ቅጣት ፈርቶ ነው። ቀብር ዋለ፤ ስሙ ሲጠራ «አቤት» አለ፤ እህል ሳይቀምስ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በ1978 ዓ.ም. የእድሩ ድንኳን አርጅቶ ለእድሳት ሸራ ሰፊ ዘንድ ተወሰደ። ሰፊው የታችኛውን እጥፋት ሲተረትር አንድ ነገር ከሸራው መሐል ወደቀ። ስለቷ በዝገት ተበልታለች፤ የቀንድ እጀታዋ ግን ደህና ነው። አባቴ በዚያ ዝናብ ገመዱን ሲያጠብቅ፣ እጁ እንዲፈታለት ብሎ በተቀደደው እጥፋት ውስጥ ራሱ ሸጉጧት ኖሯል። ሰባት ዓመት ሙሉ በየለቅሶው ስንተክላትና ስንነቅላት ኖርን። በጎረቤታችን ለቅሶም ላይ እዚያው ነበረች፤ አባቴ ከሥሯ ተቀምጦ ነበር።

በዚያው ምሽት አባቴ እኔን አስከትሎ ወደ ሟች ቤት ሄደ። ሰንጢዋን መዳፉ ላይ አድርጎ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። እሱን ግን በምን አፌ ልጠይቀው?» አለ። እሳቸው ብዙ ዝም ብለው ቆዩና ከሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ያልተነካች አዲስ ሰንጢ ናት። «ያኔውኑ ከመርካቶ ገዝቶልዎት ነበር። በኋላ ‹ብሰጠው ሰርቆ መለሰ ይለኛል› ብሎ ፈራና ሳይሰጥዎት ቀረ» አሉት። አባቴ በሁለት እጁ ተቀብሎ አለቀሰ። እስከ ሞተበት ቀን ድረስ በዚያች ሰንጢ ምንም ነገር አልቆረጠባትም። ሁለቱም ዛሬ እኔ ዘንድ አሉ።

የጠፋችው ሰንጢ ተገኘች፤ የጠፋው ጎረቤት ግን አልተገኘም። የሰንጢ ታሪክ ከሃልሽታት እስከ ሰፈራችን ድረስ ያስተማረኝ ይህን ነው። ገመዱም፣ ቀለበቱም፣ የተጫረው ፊደልም ለዕቃው ብቻ የተፈጠሩ አይደሉም። ሰው ሰውን እንዳይጠረጥር ይጠቅማሉ።

ስለዚህ ለአባላት ጥቂት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የእድራችን ቢላዋዎችና ካራዎች በሙሉ እጀታቸው ላይ በቀለም ቁጥር ይጻፍባቸው፤ ንብረት ያዡም ማን እንደወሰደና ማን እንደመለሰ በመዝገብ ይያዝ። ሁለተኛ፣ ለሐዘን ቤት ሥራ የግል ቢላዋ የሚያመጣ አባል ስሙን ይጫርበት። ሦስተኛ፣ ከመዝገቡ መጨረሻ «ተገኝቶ ባለቤቱ ያልታወቀ» የሚል አንድ ገጽ ይከፈት፤ ድንኳን ሲነቀልም እጥፋቱ ይዳሰስ። አራተኛ፣ ልጆቻችሁን ለመጠየቅ ወደ ውጭ አገር የምትሄዱ ሰንጢያችሁን በእጅ ሻንጣ አትያዙ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001 የአሜሪካ አደጋ ወዲህ ትንሿም ብትሆን በፍተሻ ላይ ልትቀር ትችላለች። የአባት ማስታወሻ ከሆነች ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጓት፤ አለዚያም እቤት ትቀመጥ።

አምስተኛው በመዝገብ የሚያዝ አይደለም። ዕቃ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የራሱን ኪስ፣ ቀጥሎ የራሱን ቤት ይፈትሽ። ካጣውም ዝም ይበል፤ ዝም ማለት ካቃተው ጎረቤቱን ለብቻው ጠርቶ ፊት ለፊት ይጠይቀው። በሰው መሐል ነገር አይወርውር።

ለከርሞ በሰላም ያገናኘን።