በሁለት ደቂቃ የሰመጠችው ጀልባ

እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1995፣ ሳን ዲዬጎ፣ ካሊፎርኒያ። ነፋሱ በርትቷል፣ ባሕሩም ተቆጥቷል። "ዋን አውስትራሊያ" የተባለችው የሸራ ጀልባ ከኒውዚላንድ ቡድን ጋር እየተሽቀዳደመች ሳለ ወገቧ ላይ ተሰነጠቀች፤ ታጠፈች፤ በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥም ሰመጠች። 17ቱም መርከበኞች ውሃ ውስጥ ዘለው በሕይወት ተረፉ።

የቡድኑ መሪ ጆን በርትራንድ ጀማሪ አልነበረም። በ1983 አሜሪካኖች ለ132 ዓመት ይዘውት የኖሩትን ዋንጫ የነጠቃቸው እሱ ነው። ታዲያ ጀልባዋን ምን ነካት?

የዚያ ዘመን የዋንጫ ጀልባዎች አካል የሚሠራው ከካርበን ክር ነው። በሙጫ የተነከሩ ሁለት ስስ ንጣፎች፣ መሃላቸው ደግሞ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ቀላል ነገር። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ጥንካሬ ማለት ቁሱ ሳይሰበር የሚችለው ጭነት ነው። ስንጥቅን መቋቋም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፦ አንዴ ከተመታ በኋላ ስንጥቁ ባለበት ይቆማል ወይስ ይሮጣል? ጀበና እሳቱን ችሎ ዓመታት ይኖራል፤ ከእጅ ሲያመልጥ ግን አለቀለት። ካርበንም ወደዚያው ያደላል። ክሩ ከ2 በመቶ ያነሰ ተለጥጦ ይበጠሳል፤ ተራው የመስታወት ክር ከዚያ እጥፍ በላይ ይለጠጣል።

ሙከራው ቀላል ይመስላል። ቁራጭ ተሠርቶ እስኪበጠስ ይጎተታል፣ በሁለት ጫፉ ተደግፎ መሃሉ ይጫናል፣ ከላይ ክብደት ይለቀቅበታል፤ ቁጥር ይወጣል። ቁራጩ ግን ጀልባ አይደለም። መገጣጠሚያ የለው፣ የተበሳ ቀዳዳ የለው። ጀልባዋን ደግሞ የምሰሶው ገመዶች ሁለቱን ጫፎቿን ወደ ላይ ይስቧታል፣ ከሥሯ የተንጠለጠለው እርሳስ መሃሏን ወደ ታች፤ ማዕበሉም ሺህ ጊዜ ይደጋግምባታል።

የሚገርመው፣ በ1986 ፍሪማንትል ላይ ዴኒስ ኮነር የኒውዚላንዶቹ የፋይበርግላስ ጀልባ ተበስቶ ናሙና ይወሰድ ብሎ ነበር። ጥያቄው "ባሕሩን ይችላል ወይ?" አልነበረም፤ "ደንብ ጥሰዋል ወይ?" እንጂ። ተፎካካሪን ለመያዝ ሲሆን ሁሉም መርማሪ ነው!

ጥፋቱን በካርበን ላይ መጣል አያዋጣም፤ ሌሎቹም በካርበን ነበር የሚሽቀዳደሙት። በርትራንድ በአሮጌዋ ጀልባ ተመልሶ እስከ ተፈታታኞች ፍጻሜ ደረሰ፣ በእነዚያው ኒውዚላንዶች 5 ለ 1 ተሸነፈ። እነሱም አሜሪካኖቹን 5 ለ 0 ረትተው ዋንጫውን ይዘው ሄዱ።