ግድግዳ ሲፈርስ ታሪኩ የት ይገባል?

ጄኔቭ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የአንድ ንግግር ከተማ ናት። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው ስለ መርዝ ጋዙና ስለ ታጠፈው ቃል ኪዳን ተናገሩ። ወገን ለጉብኝት ሲመጣ «አዳራሹን አሳየኝ» ይለኛል። ብዙዎች የሚገምቱት የተባበሩት መንግሥታት ያለበትን ፓሌ ደ ናስዮንን ነው። የዚያ ሕንፃ የጉባኤ አዳራሽ ግን በወቅቱ ገና አላለቀም ነበር። ጉባኤው የተቀመጠው ባቲማን ኤሌክቶራል በሚባል ሌላ አዳራሽ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1964 ተቃጠለ፤ በቦታው ዩኒ ዱፉር የተባለው የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ተተካ። ግድግዳው የለም፤ ፎቶግራፉና የንግግሩ ጽሑፍ ግን አሉ።

ይህን የማነሣው ስዊዘርላንድን ለማሞገስ አይደለም። እዚህም ይፈርሳል። ዋናው ጥያቄ፣ ከመፍረሱ በፊት ማን መዘገበው? ነዋሪውስ ተጠየቀ ወይ? የሚለው ነው።

አዲስ አበባን እንውሰድ። የአፄ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የተዋቸው ፎቶግራፎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የኢትኖግራፊ ሙዚየም ይገኛሉ። የዚያን ዘመን ኢትዮጵያ ለማየት ዙሪክ መምጣት ያስፈልጋል ማለት ነው!

በአገር ቤትም መዝጋቢ አልጠፋም። ሚሌና ባቲስቶኒና ጂያን ፓኦሎ ኪያሪ የከተማይቱን አሮጌ ቤቶች ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2004 በመጽሐፍ አውጥተዋል። ሥዕል የተማረው ፎቶግራፍ አንሺ ሚካኤል ፀጋዬም መልኳ የሚለዋወጠውን አዲስ አበባን «ፊውቸር ሜሞሪስ»፣ ማለትም «የወደፊት ትዝታዎች» ባለው ተከታታይ ሥራው በካሜራ ይዟታል። ስያሜው ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን እናውቃለን። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ በግሬደር ታረሰች፤ በ2017 ዓ.ም. ተራው የካሳንቺስ ሆነ። ባለሥልጣናቱ «ቤቶቹ ያረጁ፣ ለኑሮ የማይመቹ ናቸው» ይላሉ። ሐቅነት የለውም አልልም። ነገር ግን የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲገመስ ከቀለሙ ሥር በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ጋዜጣ ይወጣል፤ ከጋዜጣው ሥር ደግሞ የቀድሞው መንግሥት ጋዜጣ። ሥዕለ ማርያም የተሰቀለችበት ምስማር፣ የምድጃው ጥላሸት፣ የልጆች ቁመት የተለካበት መስመር ሁሉ እዚያው አሉ። ይህ በየትኛውም ቤተ መዛግብት የማይገኝ የተራው ሕዝብ ታሪክ ነው። ቤት ሲያረጅ ይታደሳል፣ ካልሆነም ይተካል፤ ያልተመዘገበ ግድግዳ ግን አንዴ ከፈረሰ በምን ይተካል?

እንግዲህ ከአገር የራቅን ሰዎች ግሬደር ማስቆም ባንችልም ከእጃችን የማያመልጥ ሥራ አለን። በየሻንጣችን፣ በየአልበማችን የያዝናቸው የሰርግ፣ የክርስትና፣ የዓውደ ዓመት ፎቶግራፎች ከሰዎቹ ጀርባ ግድግዳ አላቸው። በጀርባቸው ላይ የሰፈሩን፣ የዓመቱንና የሰዎቹን ስም እንጻፍባቸው። እናቶቻችንና አባቶቻችን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው። የልጅ ልጆቻችን የአያቶቻቸውን ቤት ለማየት የባዕድ ሙዚየም ደጅ መጥናት የለባቸውም።

ቸር ይግጠመን።