የ60,000 ደረጃዎች ባለቤት ማን ነው?

ተራራ የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው። አንዱ «የተፈጥሮ» ይላል፤ ሌላው «የመንግሥት»፤ ሃይማኖተኛው ደግሞ «የፈጣሪ»። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ወደ ተራራው የሚያወጣው መንገድስ የማን ነው? ይህችኛዋ ጥያቄ ታስቸግራለች። በምሥራቅ ቻይና፣ በአንሁዊ ክፍለ ሀገር ያለውን የሁዋንግሻንን ተራራ ስናይ ደግሞ የባሰውን ታስቸግራለች። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።)

ሁዋንግሻን በስሙ አንድ ተራራ ይመስላል እንጂ የግራናይት ጫፎች መንደር ነው። ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት ቅልጥ ዓለት ከመሬት በታች ቀዝቅዞ ጠጠረ። ከላዩ የነበረው ድንጋይና አፈር በዘመናት ታጥቦ ሲያልቅ ራቁቱን ወጣ። ቀጥ ብለው በወረዱት ስንጥቆቹ ውሃና ውርጭ እየገቡ ፈለጡትና ዛሬ የምናያቸውን ዓምድ መሳይ ጫፎች ሠሩ። ከሁሉ የሚበልጠው የሎተስ ጫፍ 1,864 ሜትር ነው። በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ጥዶች ይበቅላሉ፤ ከሥር ደግሞ ደመናው እንደ ባሕር ይተኛል።

ስም በአዋጅ፣ ደረጃ በመዶሻ

ተራራው ድሮ ዪሻን ይባል ነበር። በ747 የታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ሹዋንዞንግ ስሙን ሁዋንግሻን አለው። «ሁዋንግ» ቢጫ ማለት ነው፤ ነገር ግን ስሙ ከድንጋዩ ቀለም የመጣ አይደለም። ቢጫው ንጉሠ ነገሥት የተባለው የአፈ ታሪክ አባት የማይሞቱበትን መድኃኒት የቀመመው እዚህ ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው። ስም መስጠት በአዋጅ ይቻላል። ደረጃ ግን በአዋጅ አይጠረብም።

ወደ ተራራው ልብ የሚወስድ መንገድ በማውጣት ስሙ ጎልቶ የሚነሳው ፑመን የተባለ የቡድሃ መነኩሴ ነው። በ1606 መጣ፤ ቤተ መቅደስ ሠራ፤ መንገድ አስጠረገ። የሚንግ ቤተ መንግሥትም ስጦታ ላከለት። መንገዱ ያኔ ለሽርሽር አልነበረም፤ ለጸሎት ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1616፣ ሹ ሺያከ የሚባል የ29 ዓመት ወጣት መጣ። ቻይናን ዕድሜ ልኩን በእግሩ የዞረ፣ ያየውንም በማስታወሻ የጻፈ ሰው ነው። በረዶ ላይ ደረሰና በበትሩ በረዶውን እየቦረቦረ፣ አንድ ቀዳዳ ለፊተኛው እግሩ፣ አንድ ለኋለኛው እያበጀ ወጣ። በ1618 ተመልሶ ቲያንዱ የተባለውን ጫፍና የሎተስን ጫፍ ወጣቸው። ከሁሉ የሚበልጠው የሎተስ ጫፍ መሆኑንም ጻፈ። ያለ መለኪያ መሣሪያ፣ በዓይኑ ብቻ! ዛሬ በተደረገው ልኬት ቲያንዱ 1,810 ሜትር ገደማ ነው፤ ልጁ አልተሳሳተም።

በ1644 የሚንግ መንግሥት ሲወድቅ ተራራው ሌላ ትርጉም አገኘ። ለአዲሶቹ የማንቹ ገዢዎች ማደር የከበደው ሆንግረን መንኩሶ የሁዋንግሻንን ጫፎች ሣለ። ከወደቀው የንጉሥ ዘር የተወለደው ሺታኦም ሣላቸው። አገራቸውን ያጡ ሰዎች የማይናወጥ ነገር ፈለጉና ግራናይት አገኙ።

ከጸሎት ወደ ትኬት

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በሐምሌ 1979፣ 75 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር የቀረው ዴንግ ሺያኦፒንግ በእግሩ ተራራውን ወጣ። ከዚያም ለአካባቢው ባለሥልጣናት መልእክቱን ነገራቸው፦ ቱሪዝምን አስፋፉ፣ ተራራው እንጀራችሁ ነው ዓይነት ነገር። በ1986 የመጀመሪያው የኬብል መኪና ሥራ ጀመረ። በ1990 ዩኔስኮ ሁዋንግሻንን በተፈጥሮውም በባህሉም በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ሹ ሺያከ በረዶ እየቦረቦረ የወጣውን ከፍታ ትኬት የቆረጠ ሁሉ በደቂቃዎች የሚደርስበት ሆነ።

ይህ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ተራራ የመነኩሴና የሠዓሊ ብቻ ሆኖ ይቅር የሚል ካለ እኔ አልስማማም። አያት በኬብል ወጥታ ደመናውን ብታይ ማን ይጎዳል? ነገር ግን መንገድ ሲቀልል፣ መንገዱን የሠራው ሰው አብሮ ይረሳል። ከ60,000 በላይ ናቸው የሚባሉት የድንጋይ ደረጃዎች ከምድር አልበቀሉም። ታሪኩ ንጉሡን፣ መነኩሴውን፣ ሠዓሊውንና መሪውን በስማቸው ይጠራል። ድንጋይ ጠራቢውን ግን ማን ይጠራዋል?

መንገዱ የሰው ድካም መሆኑ የሚታወቀው መንገዱን የለቀቁ ዕለት ነው። በዲሴምበር 2010፣ ከሻንጋይ የመጡ 18 ወጣቶች፣ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ደረጃ ወዳልተሠራለት የተራራው ክፍል ገብተው ጠፉ። በጨለማ እነሱን ለማውጣት ከሄዱት መካከል አንድ የ24 ዓመት ፖሊስ ገደል ገብቶ ሞተ። ልጆቹ በሕይወት ተመለሱ። ብዙ ቻይናውያን ያን ጊዜ ተቆጡ፤ ጀብዱው የልጆቹ፣ ሞቱ የሌላ ሰው ልጅ ሆነና።

ለድንጋይ ዕረፍት

የሁዋንግሻን አስተዳዳሪዎች አንድ የሚመሰገን ነገር አላቸው። ጫፎቹን ያሳርፋሉ። የሎተስ ጫፍና ቲያንዱ በየተራ ለዓመታት ይዘጋሉ፤ አንዱ ሰው ሲቀበል ሌላው ሣሩንና አፈሩን ይመልሳል። «እንግዳ ተቀባዩ ጥድ» የሚሉት ዝነኛ ዛፍ ደግሞ ሌት ተቀን የሚጠብቀው የራሱ ጠባቂ አለው። ጠባቂው ቅርንጫፉንና ቅርፊቱን እያየ ሁኔታውን ይመዘግባል። ከፍቶ መተው ቀላል ነው፤ ከፍቶ መጠበቅ ግን ሥልጣኔ ነው።

በዚያው ደረጃ ላይ ግን ዛሬም ኩሊዎች አሉ። በትከሻቸው ባስተላለፉት ዘንግ ጫፍና ጫፍ ምግቡን፣ ውሃውን፣ አንሶላውን አንጠልጥለው ለላይኞቹ ሆቴሎች ያደርሳሉ። ቱሪስቱ ፎቶ ለመነሳት ሲቆም እነሱ መንገድ ይለምናሉ። ጫፎቹ በየተራ ዕረፍት ይወጣሉ፤ ጥዱ ሐኪም አለው። የመንገዱን ባለቤት የሚፈልግ ሰው ወደ ጫፉ አያንጋጥ፤ ዝቅ ብሎ ዘንግ የተሸከመውን ትከሻ ይይ።