ስሌት ከመሣሪያ ሲቀድም፦ ኃይል ከአቶም ወደ አቶም የሚሻገርበት መንገድ እንዴት ታወቀ?



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። በኮምፒውተር ብቻ የተሰላ ክስተት ዕውቀት ለመባል የሚበቃው መቼ ነው?

ሊዘ ማይትነር እ.ኤ.አ. በ1922፣ ፒየር ኦዤ ደግሞ በ1923 እንዳሳዩት፣ ከውስጡ ኤሌክትሮን የተነጠቀበት አቶም ክፍት ቦታውን ከላይኛው ደረጃ በሚወርድ ኤሌክትሮን ይሞላል፤ የሚተርፈውም ኃይል ከዚያው አቶም ሌላ ኤሌክትሮን ሊያስወጣ ይችላል። ትርፉ ለዚህ ካልበቃስ? ለብቻው የቆመ አቶም ኃይሉን በብርሃን መልክ እስኪለቅ ድረስ ይቆያል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ሎሬንዝ ሴደርባውም በሃይደልበርግ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት፣ ስሌቱ የተሠራው ለተሰባሰቡ ሞለኪውሎች ነበር። ውጤቱም ትርፉ ኃይል ወደ ጎረቤት ተሻግሮ ከዚያ ኤሌክትሮን ያስወጣል፣ ያውም በፌምቶሰከንዶች በሚለካ ጊዜ፣ የሚል ሆነ። ፌምቶሰከንድ የአንድ ሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ እጅ ነው።

ኒዮንን እንመልከት። ከ2ኤስ ደረጃ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 48.5 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ከውጭኛው ደረጃ ለመንጠቅ ደግሞ 21.6 ያስፈልጋል። ልዩነቱ 26.9 ነው። ይህ ከዚያው አዮን ሁለተኛ ኤሌክትሮን ለማስወጣት አይበቃም፤ ለጎረቤቱ አቶም ግን ይበቃል። ከቀሪው አብዛኛውን ሁለቱ አዮኖች ሲገፋፉ ይወስዱታል። ስለዚህ የሚወጣው ኤሌክትሮን እጅግ ዝግተኛ ነው፤ ከሌሎች ዝግተኛ ኤሌክትሮኖች ለመለየትም ያስቸግራል።

ማረጋገጫው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ጀርመን ውስጥ፣ በተሰባሰቡ የኒዮን አቶሞች ላይ በተደረገ ሙከራ ነው። በ2004 የፍራንክፈርት ተመራማሪዎች ጥንድ ኒዮንን ወስደው፣ ሁለቱን አዮኖችና ኤሌክትሮኑን በአንድነት ለኩ። በ2010 ክስተቱ በውኃ ሞለኪውሎችም ታየ።

የውኃው ግኝት ፋይዳው ከፊዚክስ ክፍል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ካናዳ ውስጥ ሊዮን ሳንሽና ባልደረቦቹ ከ20 ኤሌክትሮን ቮልት በታች ያላቸው ኤሌክትሮኖች የዲኤንኤን ሰንሰለት እንደሚበጥሱ አሳይተው ነበርና። አብዛኛው የሰውነታችን ክፍል ውኃ በመሆኑ፣ ጨረር በሕዋስ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚያሰላ ሰው ይህን መንገድ ሊዘነጋው አይገባም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የ1997ቱ ስሌት ክብር ያገኘው በውስብስብነቱ አይደለም፤ ሙከራ ሊያፈርሰው የሚችል ነገር አስቀድሞ በመናገሩ ነው። ጎረቤቱን አቶም ከስሌቱ ያስቀረ ተመራማሪ ደግሞ፣ ኮምፒውተሩ የቱን ያህል ቢፈጥን፣ ይህን መንገድ ፈጽሞ ባላገኘው ነበር። በእናንተም ሥራ፣ ውጤቱን ከማመናችሁ በፊት ከስሌቱ ምን እንደቀረ ጠይቁ።