ሙሉ ፍሬም ካሜራዎች፤ የዋጋ ልዩነታቸውና የአመራረጥ ስልታቸው

በፎቶግራፍ ሙያ የተሰማሩ ወይም ለመሰማራት የሚያስቡ ሰዎች ሙሉ ፍሬም ካሜራ ለመግዛት ሲነሱ አስቀድሞ የሚገጥማቸው ጥያቄ የዋጋ ነው። የአንድ አምራች ኩባንያ ምርት የሆኑ ካሜራዎች በዋጋ እስከ አራት እጥፍ ይለያያሉ። ልዩነቱ ከምን እንደሚመነጭ ሳይረዱ የሚፈጸም ግዥ ገንዘብን ከማባከኑም በላይ ለሥራው የማይስማማ መሣሪያ ይዞ መቅረትን ያስከትላል።

ሙሉ ፍሬም የሚለው ስያሜ የሚያመለክተው ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጠውን ክፍል፣ ማለትም የሴንሰሩን ስፋት ነው። ስፋቱ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ይህም በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ከሚያርፈው አንድ ምስል ጋር እኩል ነው። በብዙ አነስተኛ ካሜራዎች ውስጥ የሚገኘው ኤፒኤስ-ሲ የተባለው ሴንሰር የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሰፊ ሴንሰር ብዙ ብርሃን ስለሚሰበስብ በምሽትና ደብዘዝ ባሉ አዳራሾች ውስጥ የተሻለ ምስል ያስገኛል።

የካኖን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ያስተዋወቀው ባለ11 ሜጋፒክስል ኢኦኤስ-1ዲኤስ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ዋጋው 8 ሺህ የአሜሪካን ዶላር ገደማ ነበር። በ2005 የወጣው 5ዲ በ3 ሺህ 299፣ በ2019 የወጣው አርፒ ደግሞ በ1 ሺህ 299 ዶላር ለገበያ ቀርበዋል። በዚህም ቀደም ሲል የጥቂቶች ብቻ የነበረው መሣሪያ ለብዙዎች ሊደርስ ችሏል።

የዋጋ ደረጃዎቹን ለመረዳት የዚሁ ኩባንያ አራት ካሜራዎች በምሳሌነት ሊወሰዱ ይችላሉ። በ2023 የወጣው አር8 1 ሺህ 499፣ በ2022 የወጣው አር6 ማርክ 2 2 ሺህ 499፣ በ2024 የወጡት አር5 ማርክ 2 እና አር1 ደግሞ በቅደም ተከተል 4 ሺህ 299 እና 6 ሺህ 299 ዶላር ነበር የመነሻ ዋጋቸው። ዋጋው ሌንስን የማይጨምርና በአሜሪካ ገበያ የተተመነ ሲሆን፣ ካሜራው ወደ ሌላ አገር ሲገባ የማጓጓዣና የቀረጥ ወጪ ይታከልበታል።

ከእነዚህ ውስጥ አር8 እና አር6 ማርክ 2 የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት ባለ24.2 ሜጋፒክስል ሴንሰር ነው። በመሆኑም በተመሳሳይ ሌንስና ብርሃን የተነሡ ምስሎቻቸውን በጥራት መለየት አስቸጋሪ ነው። የ1 ሺህ ዶላሩ ልዩነት የሚገኘው በሌላ ቦታ ነው። አር6 ማርክ 2 ሁለት የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያዎች፣ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያስተካክል ሥርዓትና ረዘም ላለ ጊዜ የሚያገለግል ባትሪ አለው። አር8 ያለው የካርድ ማስገቢያ አንድ ብቻ ነው፤ የማረጋጊያ ሥርዓት በአካሉ ውስጥ የለውም፤ ባትሪውም አነስተኛ ነው። በአንጻሩ ባትሪና ካርድን ጨምሮ ክብደቱ 461 ግራም ብቻ በመሆኑ ለጉዞ ይመቻል።

የካርድ ማስገቢያው ቁጥር ቀላል ጉዳይ መስሎ ቢታይም ለሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ሁለት ማስገቢያ ያለው ካሜራ እያንዳንዱን ምስል በሁለቱም ካርዶች ላይ እኩል መመዝገብ ስለሚችል አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ሙሽሮች ቀለበት ሲለዋወጡ የተነሣው ምስል ከጠፋ ሥነ ሥርዓቱ ዳግመኛ አይፈጸምም፤ ባለሙያውም የደንበኞቹን አመኔታ ያጣል። ለቤተሰብ መታሰቢያ ወይም ለትምህርት ለሚያነሣ ሰው ግን ይህ ስጋት ተጨማሪውን ወጪ ላያስገድድ ይችላል።

አር5 ማርክ 2 ባለ45 ሜጋፒክስል ነው። ይህ ጠቀሜታ የሚሰጠው ምስሉ በትልቁ የሚታተም ወይም በብዛት የሚቆረጥ ሲሆን ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በሚጠይቅ ሕትመት ባለ24 ሜጋፒክስሉ ምስል 50 በ33 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ45ቱ ደግሞ 69 በ46 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣዋል። የአልበምና የመጽሔት ሥራ በአመዛኙ ከመጀመሪያው ልክ አይዘልም። ከፍተኛ የሜጋፒክስል መጠን ግን ትልልቅ ካርዶችን፣ ሰፊ የማከማቻ ዲስክንና ፈጣን ኮምፒውተርን ይጠይቃል።

ከሁሉም ውዱ የሆነው አር1 ያለው የሜጋፒክስል መጠን ከርካሹ አር8 ጋር እኩል፣ ማለትም 24.2 መሆኑ ብዙ ገዢዎችን ያስገርማል። የአር1 ዋጋ የሚከፈለው ለፍጥነቱና ለጥንካሬው ነው። ሁለቱም በሰከንድ እስከ 40 ምስሎች ማንሣት ቢችሉም፣ የአር1 ሴንሰር መረጃውን እጅግ ፈጥኖ ስለሚያነብ የሚሮጥ አትሌት ወይም የሚበር ኳስ ቅርጹ ሳይዛባ ይቀረጻል። ስለዚህም በስታዲየም ውስጥ ለሚሠሩ የስፖርት ባለሙያዎች እንጂ ለስቱዲዮ ሥራ ተመራጭ አይደለም።

ገዢው ሊዘነጋው የማይገባ ሌላው ነገር ሌንስ ነው። አር8 በ2 ሺህ 299 ዶላር ለገበያ ከቀረበው ከ24-70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ቢገዛ ድምሩ 3 ሺህ 798 ዶላር ሲሆን፣ ይህም ሌንስ ከሌለው የአር5 ማርክ 2 ዋጋ ያነሰ ነው። የካሜራ አካል በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአዲስ ሲተካ ጥሩ ሌንስ ግን ከአንዱ አካል ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል።

ያገለገለ ካሜራም አማራጭ ነው። በ2016 የወጣው 5ዲ ማርክ 4 ባለ30.4 ሜጋፒክስልና ባለሁለት ካርድ ሲሆን፣ ሻተሩ የተሠራው 150 ሺህ ጊዜ ያህል እንዲያገለግል ታስቦ ነው። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ፣ ሴንሰሩ ጭረት የሌለው መሆኑንና ሁለቱም ማስገቢያዎች መሥራታቸውን በራሱ ካርዶች ሊያረጋግጥ ይገባል።

ኒኮንና ሶኒም ሙሉ ፍሬም ካሜራዎቻቸውን በተመሳሳይ የዋጋ ደረጃዎች ያቀርባሉ። የየትኛውም ኩባንያ ምርት ቢመረጥ ግን በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው ካሜራው የሚሠራው ሥራና በሥራው መካከል ቢሳነው የሚያስከትለው ጉዳት ነው።