ጣሊያን ነው ወይስ እንግሊዝ? የአሮጌ ብስክሌት ታሪክ ከሞያሌ

ሞያሌ ላይ ያገለገለ ዕቃ የምንሸጥ ሴቶች ከገዢ የሚመጣብንን የመጀመሪያ ጥያቄ በቃላችን ይዘነዋል። «ኦርጅናል ነው?» ይባላል። ገዢው ይህን የሚጠይቀው ዓይኑን ቀለሙ ላይ ተክሎ ነው። ውኃ ሰማያዊ ቀለም ያየ እንደሆነ «ቢያንኪ ነው» ብሎ ራሱ ይመልሳል። እኛም ደስ ይለናል፣ ዋጋው ከፍ ይላልና። ቀለም ግን በአንድ ከሰዓት ይቀባል፤ አርማም ስቲከር ቤት ይታተማል። ብስክሌቱ ከየት እንደመጣ ሳይዋሽ የሚናገረው ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት፣ ከብረቱም የብሎኑ ጥርስ ነው። ያን ጥርስ ለማንበብ ደግሞ የዚህን አካባቢ ታሪክ ትንሽ ማወቅ ግድ ይላል። (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ከቋንቋው እንጀምር። በእኛ በኩል ያለ ጎሚስታ አፉን ሲከፍት ጣሊያንኛ ይናገራል፣ እሱ ግን አማርኛ እየተናገረ ነው የሚመስለው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ፒኞን፣ ፓራፋንጎ፣ ካላማዳሪ፣ ግራሶ፣ ሞዞ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ራሱ ጎሚስታ የሚለውም እንዲሁ። ኬላውን ተሻግራችሁ ኬንያ ሞያሌ ያለው ፉንዲ ዘንድ ብትሄዱ ያው ብስክሌት ሌላ ስም ያወጣል፤ ብሬኪ፣ ታይሪ፣ ቼኒ፣ ጊያ፣ ፔደሊ። እነዚህ ደግሞ እንግሊዝኛ ሆነው ስዋሂሊ የለበሱ ናቸው። ከአንዱ ኬላ ወደ ሌላው በእግር የሚኬድ ነው፤ የቃላቱ መነሻ ግን አንዱ ሚላኖ፣ ሌላው ኖቲንግሃም ነው።

በእኛ በኩል ያለው ታሪክ ከአስመራ ይነሳል። ጣሊያኖች ብስክሌትን እንደ ሃይማኖት የያዙ ሕዝብ ናቸው። ኤድዋርዶ ቢያንኪ ሚላኖ ውስጥ ፋብሪካውን የከፈተው በ1885 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌኛኖ እና ሌሎችም ተከተሉ። ወደ ኤርትራ የመጡት ሰፋሪዎች ብስክሌታቸውን ይዘው መጡ፣ በ1937 አስመራ ላይ ውድድር አደረጉ። ውድድሩ ግን ለነጮች ብቻ ነበር። በ1939 ኤርትራውያን ከጣሊያኖች ጋር እንዲወዳደሩ ሲፈቀድ ገብረማርያም ገብሩ የተባለ ኤርትራዊ አሸነፈ። የዘር ሕግ በነበረበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ1946 ደግሞ የኤርትራ ዙር ውድድር ተጀመረ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1936 እስከ 1941 የቆየው ወረራ ሲያበቃ ብዙ ጣሊያናውያን መካኒኮች እዚሁ ቀሩ። ጋራዥ ከፈቱ፣ የእኛን ልጆች አሠለጠኑ። ጎሚስታው የሚናገራቸው ቃላት የቀሩትም በዚሁ መንገድ ነው፤ መምህሩ ቢሞትም የዕቃው ስም ከተማሪው ጋር ሰነበተ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በወጣችበት በ1956 ሜልቦርን ላይ ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞችም ነበሩ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል፤ ኦሎምፒክ ሲባል ለእኛ ሩጫ ብቻ ነውና። ሥሩ ግን አልደረቀም። ዳንኤል ተክለሃይማኖት በ2015 የፈረንሳይ ዙር ላይ የተራራ ንጉሥን ማልያ ለበሰ፤ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ያንኑ ዙር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ ቢንያም ግርማይ በ2024 ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ወጣቶች የድሮ የውድድር ብስክሌት ሲያዩ ዓይናቸው ይበራል። ገበያችንም በዚሁ ሞቀ።

የወዲያኛው ወገን ታሪክ የውድድር አይደለም፣ የጭነት ነው። በእንግሊዝ ቅኝ አገሮች የተሰራጨው ጥቁሩ፣ ከባዱ፣ ከኋላው የጭነት ወንበር ያለው ራሌ ነበር። በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ቡሲያ ላይ በ1960ዎቹ ወጣቶች የዚህን ብስክሌት የኋላ ወንበር በስፖንጅ ሸፍነው ሰው ከአንዱ ኬላ ወደ ሌላው ያመላልሱ ጀመር። ደንበኛ ሲጠሩ «ቦዳ! ቦዳ!» ይሉ ነበር፤ ከድንበር እስከ ድንበር ማለታቸው ነው። ዛሬ ከካምፓላ እስከ ናይሮቢ ሞተር ሳይክሉ ሁሉ የሚጠራበት ስም የተወለደው እዚያ፣ በድንበር ነጋዴ እግር ሥር ነው። ይህን ለልጆቻችን እንንገራቸው፤ ስሙን ሁሉም ይጠራዋል፣ እኛን ሲያመላልስ እንደ ተወለደ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የሕንዱ ሂሮና የቻይናው ፊኒክስ በኋላ ገበያውን የሞሉት ያንኑ የእንግሊዝ ጥቁር ብስክሌት መልክ ይዘው ነው።

እንግዲህ ወደ ብሎኑ። የፔዳሉ ክንዶች የሚዞሩበትን፣ ከቴላዮው ታች ያለውን አግዳሚ ቱቦ እኛ «የመሃል ቤት» እንለዋለን። በግራና በቀኙ ኩሽኔታውን አቅፈው የሚይዙ ሁለት ኩባያ መሳይ ብረቶች በጥርስ ይታሰራሉ። የሁለቱ አገሮች ልዩነት ያለው እዚህ ነው። የእንግሊዙ መሃል ቤት ወርዱ 68 ሚሊሜትር ሲሆን በሰንሰለቱ በኩል ያለው ኩባያ ጥርሱ የተገለበጠ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። የጣሊያኑ ወርዱ 70 ሚሊሜትር ነው፣ ሁለቱም ኩባያዎች እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ዞረው ይፈታሉ። የጣሊያኑ ቀዳዳ 36 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ የእንግሊዙ 34.8 ገደማ ነው። የሚገርመው ጣሊያን ስፋቱን በሚሊሜትር ለክቶ ጥርሱን በእንግሊዝ ኢንች መቁጠሩ ነው። በሁለቱም በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ አለ። የፈረንሳዩ ደግሞ 35 ሚሊሜትር ሆኖ ሁለቱም ወገን ወደ ግራ ይፈታል፤ እሱ ወደ እኛ ብዙ አይመጣምና እንለፈው።

እንግሊዞቹ የቀኙን ጥርስ የገለበጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ፔዳል ሲመታ የኩሽኔታው ድቡልቡል ኩባያውን ከፔዳሉ ተቃራኒ ወደሆነ አቅጣጫ ቀስ እያለ ይገፋዋል። በቀኝ በኩል ተራ ጥርስ ከሆነ ኩባያው በራሱ ጊዜ ይላላል፣ የተገለበጠ ከሆነ ግን ይጠብቃል። ጣሊያኖቹ ይህን እያወቁ «በኃይል አጥብቀህ እሰረው» ብለው ተዉት። ስለዚህ የድሮ የጣሊያን ብስክሌት የቀኝ ኩባያው በየጊዜው ይላላል፤ ይህ የብስክሌቱ ጉድለት ሳይሆን የልደት ምልክቱ ነው። ሻጭ «ይላላል» ብሎ ዋጋ ሲቀንስላችሁ ደስ ይበላችሁ።

ችግሩ የሚመጣው የአንዱ ወገን ባለሙያ የሌላውን ወገን ብስክሌት ሲይዝ ነው። የእንግሊዝ ብስክሌት የለመደ ፉንዲ የጣሊያኑን ቀኝ ኩባያ ለመፍታት ወደ ቀኝ ያዞራል፤ እሱ ይፈታል ብሎ፣ ኩባያው ግን ይጠብቃል። እምቢ ሲለው ቱቦ ጨምሮ ይጎትታል። በእኛ በኩልም እንዲሁ፣ ጎሚስታው የራሌውን ቀኝ ኩባያ ወደ ግራ እየጎተተ ያጠብቀዋል። ሁለቱም ብርቱዎች ናቸው፣ ሁለቱም ጥርሱን ይጨርሳሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቁ። የእንግሊዝ ጥርስ ካለቀ ቶርኖ ያለው ጎበዝ ሰው ቀዳዳውን አስፍቶ የጣሊያን ጥርስ ሊያወጣለት ይችላል፤ ጣሊያኑ ሰፊ ነውና ቦታ አለ። የጣሊያኑ ሲያልቅ ግን ከዚያ በላይ የሚኬድበት ልክ የለም፤ ጥርስ የማይፈልግ ልዩ የመሃል ቤት ፈልጎ ከመግጠም በቀር። እሱ ደግሞ በእኛ ገበያ አይገኝም። ስለዚህ ካሊፐር ሳይዝ መፍቻ የሚያነሳ ሰው ብስክሌታችንን አይነካም።

ወርዱ ብቻውን ደግሞ አያስተማምን። የቆዩት ራሌዎች የራሳቸው ጥርስ አላቸው፤ በኢንች 26፣ ወርዱም ከ68 የሚበልጥ። ባለ 24 ጥርስ ኩባያ ሲታሰርበት መጀመሪያ የሚገባ ይመስልና መሃል ላይ ይነክሳል። በእጅ እየዞረ ካልገባ በመፍቻ አይገባም ማለት ነው።

ሌላው ምልክት ሁሉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አርማው የወደቀ እንደሆነ ከመሪው ፊት ያሉት የሪቬት ቀዳዳዎች ይቀራሉ፤ አቀማመጣቸው ከየትኛው አርማ ጋር እንደሚገጥም ይታያል። የኮርቻው ዘንግ 27.2 ሚሊሜትር ከሆነ ቱቦው ቀጭንና ጥሩ ብረት የመሆኑ ተስፋ ትልቅ ነው፤ የሚላኖው ኮሎምቡስ ወይም እንግሊዝ በ1935 ያወጣችው ሬይኖልድስ 531 ሊሆን ይችላል። ዘንጉ 25 ወይም 26 ከሆነ ቱቦው ወፍራም ነው፣ ጥሩ የሥራ ብስክሌት ነው እንጂ የውድድር አይደለም። ዓመቱን ደግሞ ዕቃዎቹ ይናገራሉ። የስተርሚ አርቸር ባለ ሦስት ማርሽ ሞዞ ላይ የተሠራበት ዓመትና ወር ተቀርጾ ይገኛል። በ1970ዎቹ የተሠራ የካምፓኞሎ የኋላ ካምቢዮ «ፓተንት» ከሚለው ቃል ጎን ሁለት አኃዝ አለው፤ 74 ካለ 1974 ማለት ነው። ያ ግን የካምቢዮው ዕድሜ ነው፣ ቴላዮው ከዚያ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። ብስክሌት እንደ አሮጌ ቤት ነው፤ በሩ ከአንድ ዘመን፣ መስኮቱ ከሌላ። የጎማውንም ቁጥር አንብቡ፦ 622፣ 630 ወይም 635 ይላል። ባለ 630 ብስክሌት ላይ ባለ 622 ቸርኬ ሲገባ የፍሬኑ ጫማ አራት ሚሊሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ፍሬኑ ካልደረሰ ልጁ ቁልቁለት ላይ የሚያውቀው ጉዳይ ይሆናል።

ስለ ማደስ ብዙ አንልም፣ ምክንያቱም ከመሥራት አለመሥራቱ ይበልጣል። ቀለሙን አትላጡ፤ የተጫጫረ የራሱ ቀለም ከአዲስ ቅብ ይበልጥ ይሸጣል። ነጭ ጋዝና ጨርቅ ብዙውን ቆሻሻ ያነሳል። የአሉሚኒየም ዘንግ ብረት ቱቦ ውስጥ ከተጣበቀ በመዶሻ አትምቱት፣ ዘይት እያጠጣችሁ ቀናት ታገሱት። የኩሽኔታውን ድቡልቡል ስታወጡ ቁጠሩ፤ ብዙውን ጊዜ በኋላ ሞዞ በየጎኑ 9፣ ማቀፊያ በሌለው የመሃል ቤት በየጎኑ 11 ናቸው። የተሰነጠቀ ቴላዮ ደግሞ በር ወደሚሠራ ብየዳ ቤት አይወሰድ። ጥሩ የውድድር ቱቦ መሃሉ ላይ ግድግዳው 0.6 ሚሊሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የበር ብየዳ በአንድ ብልጭታ ይበሳዋል።

ኮሜርስ ስንማር ዕቃ በገዛንበት ዋጋ ይመዘገባል ብለው አስተምረውናል። አሮጌ ብስክሌት ላይ ይህ አይሠራም። አንዱን ቴላዮ ከሚቱምባ ክምር በብረት ዋጋ እናነሳዋለን፤ ማን እንደሆነ ካወቅን ናይሮቢ ያለ ሰብሳቢ ያን ብዙ እጥፍ ይከፍልበታል። ካላወቅን ወይ በብረት ዋጋ ይሄዳል፣ ወይ ውኃ ሰማያዊ ተቀብቶ «ቢያንኪ» ተብሎ ለአንድ ወጣት ይሸጣል። ወጣቱ ከአንድ ወር በኋላ ብስክሌቱን እየገፋ ይመለሳል። ስማችን የሚጠፋው ያኔ ነው፤ በኬላ ላይ የምንነግድ ሰዎች ደግሞ ከስማችን ሌላ ደረሰኝ የለንም። ከሰብሳቢውና ከወጣቱ ለማን እንሽጥ በሚለው እኛም እርስ በርሳችን አንስማማም። ከመካከላችን ገሚሱ «ገንዘብ ነው፣ ይሂድ» ይላል። ሌላው ወገን ብስክሌቱ እዚሁ ይነዳ ይላል፣ በቅናሽም ቢሆን። እኛ ለሁለተኛው እናደላለን፤ ናይሮቢ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብስክሌት ካምቢዮ አይቀይርም።

ለማንም ይሸጥ፣ ከመሸጡ በፊት ደብተር ላይ ይጻፋል። አሁን በረንዳው ላይ ቆሞ ላለው ብስክሌት የተጻፈው ይህ ነው፦ አርማ የለም፣ ሁለት የሪቬት ቀዳዳ አለ። ቀለም ሦስት ጊዜ የተቀባ፣ የታችኛው ቀይ። የመሃል ቤት ወርድ 70። የኮርቻ ዘንግ 27.2። ካምቢዮ ፓተንት 72። የቀኝ ኩባያ ወደ ግራ ተፈታ፣ ጥርሱ ደህና።