በዘመነ ማቴዎስ ስለ ተሠሩት አምስት ሳንቲሞች የተጻፈ ዜና

የገንዘቡን ዜና ከመንዝ እንጀምራለን። የሸዋ ነገሥታት ትውልድ በወጣባት በዚህች አገር፥ በቀድሞው ዘመን፥ ገበያው የሚቆመው በአሞሌና በጠገራ ብር ነበረ። አሞሌው ከአፋር ምድር የሚወጣ ጨው ነው፤ ጠገራውም የኦስትሪያይቱ ንግሥት የማርያ ትሬዛ መልክ ያለበት፥ በፈረንጅ አቆጣጠር 1780 የሚል የተጻፈበት ብር ነው። በጉንና ባናውን ሸጦ ጠገራ የሚቀበል ሰው እንዲሁ አይቀበልም ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ያለውን ጌጥ በጣቱ ይዳስሳል፥ የራሷንም ዕንቁ ይቆጥራል፤ ምልክቱ ከጠፋበት ይመልሰዋል።

በ1885 ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ማቴዎስ፥ በየካቲት ወር፥ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ኢትዮጵያ በራሷ ገንዘብ እንድትገበያይ አወጁ። ብሩም በፓሪስ ተቀረጸ፤ ዓመቱም 1887 ተባለ። በአንድ ፊቱ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፥ በሌላው ባለ መስቀል ሰንደቅ የያዘ አንበሳ ነበረበት። ክብደቱ እንደ ጠገራው 28 ግራም ያህል ነበረ፤ ሕዝቡ ግን የለመደውን ጠገራ ለብዙ ዘመን አልተወም።

ደግሞ በ1937 ዓመተ ምሕረት፥ ሐምሌ 16 ቀን፥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልደት ቀን፥ አዲስ ገንዘብ ወጣ። 50 ሳንቲሙ ብር፥ 25 ሳንቲሙ ነሐስ ነበረ። አታላዮችም ነሐሱን ነጭ ቀብተው በ50 ሳንቲም ስም ያሳልፉት ጀመር። ስለዚህ የ25 ሳንቲሙ ጠርዝ ክብነቱ ቀርቶ ወጣ ገባ ሆኖ ተሠራ፤ ዓይን የተታለለ እንደ ሆነ ጣት እንዲያውቀው።

ከዚያም በኋላ ለገበያ ያልታሰበ ገንዘብ መጣ። በ1958 ለንጉሠ ነገሥቱ 75ኛ ዓመት ልደት መታሰቢያ ከ10 እስከ 200 የኢትዮጵያ ዶላር የወርቅ ገንዘብ ተሠራ፤ ትልቁም 80 ግራም ይመዝን ነበር። በ1964ም የቴዎድሮስ፥ የዮሐንስ፥ የምኒልክ፥ የዘውዲቱና የራሳቸው የኃይለ ሥላሴ መልክ በብርና በወርቅ ወጣ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንግባ። በ1969 ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ማቴዎስ፥ በጥቅምት ወር፥ ወታደራዊው መንግሥት ደርግ ገንዘቡን ለወጠ። በሳንቲሞቹ ላይ የንጉሡ መልክ ቀርቶ ዘውድ የሌለው የአንበሳ ራስ ተቀረጸ። በጀርባቸውም እንዲህ ሆነ፦ በ1 ሳንቲም በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬ፥ በ5 ሳንቲም ጠብመንጃ የያዘ ወታደር፥ በ10 ሳንቲም የደጋ አጋዘን፥ በ25 ሳንቲም እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት፥ በ50 ሳንቲም የቆሙ ሰዎች።

ከእነዚህም ሳንቲሞች ለሰብሳቢዎች ብቻ የሚሆን፥ ፕሩፍ የሚባል፥ አምስቱን የያዘ ስብስብ በአሜሪካ ፍራንክሊን ሚንት ተሠራ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ማኅተሙ ይወለወላል፥ ጥሬው ብረት ይወለወላል፤ አንዱም ሳንቲም በዝግታ ከአንድ ጊዜ በላይ ይመታል። ከዚያ በኋላ ሜዳው ፊት ያሳያል፥ የአንበሳው ጎፈር ግን አመዳይ እንደ ጣለበት ሣር ነጥቶ ይቀራል። እጅ እንዳይነካው በጓንት ተይዞ በሽፋን ይዘጋበታል።

ነገሩም የሚያስገርም ነበረ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ደርግ በአሥመራ የነበረውን የአሜሪካ የቃኘው ጣቢያና ሌሎች የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችን ዘጋ፤ በሐምሌም የሶማሊያ ጦር ወሰን ጥሶ ገባ፤ አዲስ አበባም በቀይ ሽብር ደም ታጥባ ነበር። በአገሩ ጠብመንጃ የያዘ ወታደር ወደ ግንባር ሲወርድ፥ በአሜሪካ ጠብመንጃ የያዘ ወታደር እንደ መስታወት ተወልውሎ ለሰብሳቢ ይሸጥ ነበር።

በ1970ም ለዱር አራዊት ጥበቃ ሌላ የሰብሳቢ ገንዘብ ወጣ፤ በ10 ብሩ ላይ አጥንት ከሰማይ ለቆ በድንጋይ የሚሰብረው ጆፌ አሞራ አለ፥ በ25 ብሩ የደጋ አጋዘን፥ በ600 ብሩ ወርቅ ዋልያ። ያ ጆፌ በመንዝ ጓሳ ሰማይ ላይ ዛሬም ያንዣብባል፤ ገንዘቡን ግን በዚያው በመንዝ በዘመሮ ገበያ ያየው የለም።

ፍርዳችንም ይህ ነው። የሚያበራው ስብስብ የመንግሥትን ፈቃድ ያሳያል፤ መንግሥት እንዴት መታየት እንደ ወደደ ከእርሱ እንማራለን። ገበሬው የተፋቀበት፥ አንበሳው የደበዘዘበት ያ ተራ ሳንቲም ግን ደመወዝ ሆኖ፥ የጨውና የጋዝ ዋጋ ሆኖ፥ የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ገብቶ ወጥቷል፤ የሕዝቡ ዜና ያለው በእርሱ ላይ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ በአያትህ ሣጥን አሮጌ ሳንቲም ብታገኝ በአሸዋና በሎሚ አትፈትገው። ፈትገህ ፕሩፍ አታደርገውም፤ በሰብሳቢም ዘንድ ዋጋው ይወድቃል። ይልቅስ ከማን እንደ ተገኘና በየትኛው ዘመን እንደ ተያዘ በወረቀት ጽፈህ አብረህ አስቀምጠው።